ሞተር ከማስከፈታችሁ በፊት መተንፈሻውን እዩ፦ የብሪዘርና የፒሲቪ አሠራርና ጥገና

ባለፈው ታኅሣሥ ከመንዝ በኩል የመጡ አንድ አባት ማታ ደብረ ብርሃን ገብተው አድረው ጠዋት በውርጩ ኮሮላቸውን ይዘው ጋራዥ በር ላይ ቆሙ። «ልጄ ሞተሩ አልቋል ተብያለሁ፣ ፋሻ ይቀየር ሲሊንደሩ ይጠረብ ብለውኛል፣ በጎቼን ሸጬ ነው የመጣሁት» አሉኝ። ቦኔቱን ከፈትኩት፣ የዘይት መለኪያው ዘንግ ከቤቱ ሁለት ጣት ያህል ወጥቶ ቆሟል፣ ዙሪያው ዘይት ተረጭቷል፣ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳኑ ጋስኬት ጥግ ጥጉን ረጥቧል፣ ከኋላ ደግሞ ሞተሩና ካምቢዮው በሚጋጠሙበት ቦታ ጠብ ጠብ ይላል። ያየ ሰው አልቋል ቢል አይፈረድበትም። «ጋሼ ቁጭ ይበሉ፣ ትንሽ ልየው» አልኳቸው፣ ቡናው ሳይወርድ ችግሩ እጄ ላይ ነበር። ፒሲቪ የምትባል አውራ ጣት የምታክል ቫልቭ ነች፣ ውስጧ ያለችው ተንሸራታች ወተት ቡና በሚመስል ዝቃጭ ተጣብቃ አልንቀሳቀስ ብላለች። ሞተሩ ምንም አልሆነም፣ ትንፋሹ ነው የታፈነው።

እንደዚህ አይነት መኪና በየዓመቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ድረስ ይመጣብኛል፣ ግማሹ ሞተር ተከፍቶ ብር ከወጣበት በኋላ ነው ሚመጣው፣ ይሄ ነው ሚያንገበግበኝ። ስለዚህ አሠራሩን ከነጥገናው በደንብ ልጻፈው፣ ሹፌርም ሆነ ጀማሪ መካኒክ በካቻቢቴና በፒንሳ ራሱ ሊያየው ይችላል።

ሞተር ለምን መተንፈሻ አስፈለገው

ፒስተኑ ላይ ያለው ፋሻ የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን የሚቃጠለውን ጋዝ መቶ በመቶ አይዘጋም። እያንዳንዱ ፍንዳታ ላይ ትንሽ ጋዝ በፋሻው ጎን ሾልኮ ወደታች ወደ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ይወርዳል። ጋዙ ውስጥ ያልተቃጠለ ነዳጅ አለ፣ የውሃ እንፋሎት አለ፣ ዘይቱን አሲድ የሚያደርግ ነገር አለ። መውጫ ካላገኘ ኮፓው ውስጥ ግፊት ይሆናል፣ ግፊቱ ደግሞ ደካማ ቦታ ፈልጎ ይወጣል፣ ኦይል ሲሉን (የዘይት ማገጃ ጎማውን)፣ የክዳኑን ጋስኬት፣ የመለኪያ ዘንጉን። ለዚህ ነው ብሪዘሩ ማለትም መተንፈሻው ሲዘጋ መኪናው ከየአቅጣጫው ዘይት የሚያፈሰው፣ እና ኦይል ሲል ብትቀይሩም በሳምንቱ ተመልሶ የሚያንጠባጥበው። ሲሉ ጥፋት የለበትም፣ ከውስጥ እየተገፋ ነው።

ድሮ ድሮ ጋዙን በአንድ ቱቦ ወደ መሬት ነበር ሚለቁት። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ግን አሜሪካኖቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ላይ ከዛም በመላ አገሩ ጋዙ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ገብቶ እንዲቃጠል አደረጉት፣ አሁን ፒሲቪ የምንለው ይሄ ነው።

ቤንዚን ሞተር ላይ ሁለት ጎማ ቱቦዎች ፈልጉ። አንደኛው ከአየር ማጣሪያው በኋላ ካለው ትልቅ ቱቦ ተነስቶ ቴስታታ ክዳን ላይ ይገባል፣ ንጹህ አየር ማስገቢያ ነው። ሁለተኛው ከክዳኑ ወይም ከሞተሩ ጎን ተነስቶ አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚከፋፈልበት ማኒፎልድ ላይ ይገባል፣ ፒሲቪ ቫልቩ ያለው በዚህኛው ቱቦ ላይ ነው። ማኒፎልዱ ይስባል፣ ንጹህ አየር በአንዱ ገብቶ ኮፓውን ጠርጎ ጋዙን ይዞ በሌላው ይወጣል።

ቫልቩ ውስጥ አንዲት ተንሸራታችና አንዲት ስስ ሞላ ናቸው ያሉት። በሚኒሞ ማለትም ነዳጅ ሳትረግጡ ሞተሩ ዝም ብሎ ሲዞር የማኒፎልዱ ስበት ከባድ ስለሆነ ተንሸራታችዋን ጎትቶ ቀዳዳውን ያጠብባታል፣ በዚህ ሰዓት ጋዙም ትንሽ ስለሆነ ይበቃል። ነዳጅ ስትረግጡ ስበቱ ይቀንሳል፣ ሞላዋ ገፍታ መንገዱን ታሰፋለች፣ ብዙ ጋዝ ይወጣል። ሞተሩ ወደኋላ ቢተኩስ ደግሞ ጥርቅም አድርጋ ትዘጋለች፣ እሳቱ ኮፓ ውስጥ እንዳይገባ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ከሸዋሮቢት ተነስታችሁ ወደ ጣርማ በር ስትወጡ ከ1,300 ሜትር ገደማ እስከ 3,000 ሜትር በላይ ያለማቋረጥ ጭነት ላይ ናችሁ። እንደዛ ሲሆን ጋዙ ከቫልቩ አቅም በላይ ይሆንና ትርፉ በንጹህ አየር ማስገቢያው ቱቦ በኩል ወደኋላ ይመለሳል። ስለዚህ ዳገቱን የጨረሰ መኪና የአየር ቱቦው ውስጥ ስስ ዘይት ቢታይ ጤና ነው። ማጣሪያው በዘይት ከራሰ ወይም ቱቦው ውስጥ ዘይት ከተጠራቀመ ግን ጤና አይደለም።

ናፍጣ ሞተር ትንሽ ይለያል። የአየር መዝጊያ ስለሌለው አብዛኛው ናፍጣ ማኒፎልዱ ላይ ያን ያህል ስበት የለውም፣ ስለዚህ እንደ ድሮዎቹ ሚኒባሶችና ላንድክሩዘሮች ከቴስታታ ክዳን የሚወጣ ወፍራም ጎማ በቀጥታ ወደ አየር መግቢያው ይሄዳል፣ ቱርቦ ካለው ከቱርቦው በፊት። አንዳንዱ መሀል ላይ ዘይት ከጋዝ የሚለይ ጣሳ ወይም የሽቦ መረብ አለው፣ አዳዲሶቹ ደግሞ የጎማ ዲያፍራም አላቸው። ከባድ መኪናዎች ላይ ወደ ውጭ የሚለቁም አሉ፣ ለነሱ የቱቦው ጫፍ በጭቃ እንዳይደፈን ማየት ነው ዋናው።

እኛ ጋ ለምን ይበዛል

አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወጣዋል። አብዛኛው በጭስ ይሄዳል፣ ትንሹ ግን በፋሻ ሾልኮ ኮፓ ይወርዳል። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ይተናል፣ ብሪዘሩም ያወጣዋል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነች፣ ጠዋት ብርዱ ብረት ይነክሳል፣ መኪናውን አስነስታችሁ ልጅ ትምህርት ቤት አድርሳችሁ ገበያ ዞር ብላችሁ ብታቆሙት ዘይቱ ገና አልሞቀም። ውሃው ከዘይቱ ጋር ተመትቶ አረፋ ይሆናል፣ አረፋው በጣም ቀዝቃዛው ቦታ ላይ ማለትም የዘይት መሙያው ክዳንና የብሪዘር ቱቦ ላይ ይጋገራል።

የሚያባብሰው ደግሞ ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚይዝ ቫልቭ) ማውጣት ነው። ስንቱን መኪና ስከፍት ቴርሞስታቱ የለም፣ ቆላ ላይ ሞቀ ተብሎ አውጥተው የጣሉት ነው። ጣርማ በር ላይ ያለ ቴርሞስታት የሚሄድ ሞተር ቀኑን ሙሉ በብርድ ነው ሚሠራው፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ ይጨቀያል፣ ብሪዘሩ ይዘጋል። እባካችሁ መልሳችሁ አስገቡት፣ ሙቀቱ ከበዛ ራዲያተሩንና ፋኑን ነው መጠገን።

ቱቦው መሀል ላይ ከተንጠለጠለ ደግሞ ውሃ እዛ ይጠራቀማል። ውርጭ በጣለበት ሌሊት ያደረ ፒካፕ ላይ ቱቦውን ሳወጣ የጣት እርዝመት ያለው በረዶ ከውስጡ ሾልኮ ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሹፌሩ በዚያው ጠዋት ሦስት ጊዜ የዘይት መለኪያው ተስፈንጥሮ ወጥቶበት ነበር።

ምልክቶቹ

ከተዘጋ፦ ዘይት ከየቦታው ያፈሳል፣ መለኪያ ዘንጉ ይወጣል፣ ማጣሪያው በዘይት ይርሳል፣ ዘይቱ ቶሎ ይጠቁራል፣ አንዳንዴ ከክዳኑ በኩል ፉጨት ይሰማል። ቫልቩ ክፍት ሆኖ ከቀረ ወይም ቱቦው ከተሰነጠቀ፦ ሚኒሞው ይዋዥቃል፣ ሞተሩ መብራት ላይ ይጠፋል፣ ዘይት ይቀንሳል።

ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በማርሽ እየያዛችሁ ስትወርዱ ነዳጅ ስላልረገጣችሁ ስበቱ በጣም ከባድ ነው፣ ታች ደርሳችሁ ስትረግጡ ሰማያዊ ጭስ ቡልቅ ካለ ወይ ፒሲቪ ቫልቩ ክፍት ቀርቶ ዘይት እየሳበ ነው ወይ ቴስታታው ውስጥ ያሉት የሞተሩ ቫልቮች ጎማዎች ደርቀዋል። መጀመሪያ ርካሹን እዩ።

ክዳኑ ላይ ነጭ ነገር አይታችሁ ደግሞ ወዲያው የቴስታታ ጋስኬት ተቃጥሏል አትበሉ። መለኪያ ዘንጉን አውጡ፣ ዘይቱ ንጹህ ከሆነና የራዲያተሩ ውሃ ካልቀነሰ የብርዱ አረፋ ነው። ዘንጉም ላይ ወተት ከመሰለ፣ ውሃም ከቀነሰ ግን ሞተሩን አጥፉና ወደ ጋስኬቱ ሂዱ።

ምርመራው

መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም። ዳገት ላይ የተለካ ዘይት ውሸት ነው፣ ደብረ ሲና ላይ መንገድ ዳር አቁሞ ለክቶ ሁለት ሊትር የጨመረ ሰው አውቃለሁ። ሞተሩን አሞቁት፣ አጥፉት፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቆይታችሁ ለኩ። ከላይኛው ምልክት ካለፈ መጀመሪያ ትርፉን አውጡ፣ ዘይት የበዛበት ሞተር ብሪዘሩ ጤነኛ ቢሆንም ዘይት ይተፋል።

ከዛ አስነሱትና በሚኒሞ ተዉት። የዘይት መሙያ ክዳኑን አንስታችሁ አፉ ላይ ቀጭን ወረቀት አድርጉ። ቤንዚን ሞተር ከሆነ ወረቀቱ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ መሳብ አለበት። ወደላይ ከተገፋ ወይ ብሪዘሩ ተዘግቷል ወይ ፋሻው አልቋል፣ የቱ እንደሆነ በኋላ እንለያለን። ናፍጣ ላይ ወረቀት አይሠራም፣ ክዳኑን ገልብጣችሁ ቀዳዳው ላይ አስቀምጡት፣ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ደህና ነው፣ ወርውሮ ከጣለው ግን ችግር አለ።

ቀጥሎ ቫልቩን ከነቱቦው ከክዳኑ ነቅላችሁ ሞተሩ እየሠራ አፉን በጣት ድፈኑት። ጣታችሁን ጥብቅ አድርጎ መሳብ አለበት፣ ስትለቁትና ስትይዙትም ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ካልሳበ ወይ ቫልቩ ወይ ቱቦው ወይ ማኒፎልዱ ላይ ያለው ጡት (ቱቦው የሚሰካበት አፍ) ተዘግቷል። ቫልቩን ከቱቦው ለይታችሁ ቱቦውን ብቻ ሞክሩት፣ ቱቦው ከሳበ ጥፋቱ ቫልቩ ላይ ነው።

ሞተሩን አጥፍታችሁ ቫልቩን ጆሮ አጠገብ አድርጋችሁ ነቅንቁት። ጤነኛው ቆሎ በጣሳ እንደያዘ ልጅ ኳ ኳ ይላል። ዝም ካለ ሞቷል። ግን ድምፅ ስላለው ብቻ ደህና ነው አይባልም፣ ሞላዋ ደክማ ሊሆን ይችላል፣ ንጹህ ቀጭን ቱቦ ሰክታችሁ ንፉበት፣ ከሞተሩ በኩል ሲነፋ በደንብ ያልፋል፣ ከማኒፎልዱ በኩል ሲነፋ እምብዛም አያልፍም። በአፍ መሳብ ግን ፈጽሞ የለም፣ ውስጡ ያለው መርዝ ነው።

የማኒፎልድ ስበት በጌጅ የምትለኩ ልጆች ደግሞ ይሄን ያዙ። መጽሐፉ ላይ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ የሚለው ለባህር ወለል ነው፣ በየ300 ሜትሩ ወደ 1 ኢንች ይቀንሳል፣ ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ከ8 እስከ 12 ቢያነብ ጤነኛ ሞተር ነው። ኮምፕሬሽንም (ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚያምቀው አየር ግፊት) እንደዛው ነው፣ አየሩ ከሩብ በላይ ሳስቷል። ታች በባህር ወለል 180 ፒኤስአይ የሚያነብ ሞተር እዚህ ከ130 እስከ 140 ቢያነብ አላለቀም፣ ዋናው የሲሊንደሮቹ ንባብ መቀራረቡ ነው። በዚህ ቁጥር ብቻ ተሳስቶ ስንት ደህና ሞተር ተከፍቷል።

ጥገናው

ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ሁለቱን ቱቦዎች ከመንቀላችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ የቱ የት እንደነበር በኋላ አትጨቃጨቁም። ፋሸታውን (የቱቦውን ማሰሪያ) በፒንሳ ጨምቃችሁ ወደኋላ ሳቡት፣ ቱቦው ከተጣበቀ አትጎትቱት፣ ጠምዘዝ ጠምዘዝ አድርጋችሁ አላቁት። የደረቀ ጎማ በግድ ከተጎተተ የማኒፎልዱን የፕላስቲክ ጡት ይሰብራል።

ቫልቩ በጎማ ቀለበት የተሰካ ከሆነ ቀጥ አድርጋችሁ እየነቀነቃችሁ አውጡት፣ በጥርስ የሚታሰር ከሆነ በቁልፍ ፍቱት። የጎማ ቀለበቱን ተመልከቱ። የኚያ አባት ኮሮላ ላይ ቀለበቱ እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰባብሮ ግማሹ ወደ ውስጥ ሊወድቅ ሲል በፒንሳ ያዝኩት። ቢወድቅ ኖሮ ክዳኑን መክፈት ነበር። ስለዚህ ከመንቀላችሁ በፊት ዙሪያውን በጨርቅ ጥረጉት፣ የደረቀ ከመሰለ ትንሽ ዘይት ቀብታችሁ ጠብቁ፣ ከተሰበረም ቁርጥራጩን አንድ በአንድ ልቀሙት።

የብረት ቫልቭ በካርቡራተር ማጽጃ ይታጠባል፣ ንፉበት፣ ነቅንቁት፣ ድጋሚ ንፉበት፣ ዝቃጩ ጠርቶ እስኪወጣ። ፕላስቲክ ወይም ዲያፍራም ያለውን በዚህ አትንኩት፣ ጎማውን ያበላሽባችኋል፣ እሱ ይቀየራል። በቤንዚን የምታጥቡ ካላችሁ ክብሪትና ሲጋራ ከአጠገባችሁ ይራቅ፣ ሞተሩም ገና ትኩስ ከሆነ አታድርጉት። እኔ ግን አዲስ ካገኘሁ አጥቤ አልመልስም፣ ከሞተር ዋጋ አንጻር ምንም ማለት አይደለም። ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሞላውና ቀዳዳው ለየሞተሩ የተለካ ስለሆነ ይመሳሰላል ተብሎ አይገባም፣ ቀዳዳው ከሰፋ ሚኒሞ ያበላሻል፣ ከጠበበ ደግሞ ያው መታፈን ነው።

ቱቦውን አጥፉት፣ ጨምቁት። ከተሰነጠቀ፣ ከለሰለሰ ወይም ሲጨመቅ ተጣብቆ ከቀረ ይጣል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ የራዲያተር ጎማ ወይም የውሃ ቱቦ ቆርጦ ያስገባል። ይሄ ጎማ ዘይት አይችልም፣ በወራት ውስጥ አብጦ ይለሰልሳል፣ ስበቱ ሲመጣ ጉንጩ ይገጥምና ይዘጋል። ዘይትና ነዳጅ የሚችል ጎማ ጠይቁ፣ ስትገጥሙትም መሀሉ አይንጠልጠል፣ ውሃው ተመልሶ ወደ ሞተሩ እንዲወርድ ተዳፋት ይኑረው። እኛ አገር ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

የማኒፎልዱን ጡት በቀጭን ሽቦ ቀስ ብላችሁ ጥረጉት፣ ቆሻሻው ወደ ውስጥ እንዳይገፋ ወደናንተ እየሳባችሁ። ዝቃጩ ብዙ ከሆነ ቴስታታ ክዳኑን አውርዳችሁ ከሥሩ ያለውን ዘይት መመለሻ ቆርቆሮ ማጠብ አለባችሁ፣ እሱ ተዘግቶ እያለ አዲስ ቫልቭ ማስገባት ዋጋ የለውም። ክዳኑ ከወረደ ጋስኬቱ አዲስ ይግባ።

ናፍጣ ከሆነ ወፍራሙን ጎማና መረቡን ወይም ጣሳውን በናፍጣ አጥባችሁ በደንብ አድርቁት፣ ውስጡ እርጥብ ናፍጣ ይዞ አይገጠም። ናፍጣ ሞተር በብሪዘሩ በኩል ብዙ ዘይት ከሳበ ያንኑ ዘይት እንደ ነዳጅ እያቃጠለ በራሱ ይጮሃል፣ ቁልፍ ብታጠፉም አይቆምም። እንደዛ ከሆነ ማንዋል መኪና ከሆነ ፍሬን ይዛችሁ ትልቅ ማርሽ አስገብታችሁ ፍሪሲዮን ልቀቁ፣ ካልሆነ የአየር መግቢያውን በጠፍጣፋ ጣውላ ድፈኑ፣ በእጅ በፍጹም አይሞከርም።

ሌላ የማልታገሠው ነገር ደግሞ ዘይት ይጠጣል ተብሎ የብሪዘሩን ቱቦ በእንጨት ወይም በቡሎን መድፈን ነው። አንድ ሚኒባስ ላይ እንደዛ አድርገውለት መጣ፣ የኋላው ኦይል ሲል ተገፍቶ ፍሪሲዮኑ ዘይት ጠጥቶ ጣርማ በር ዳገት ላይ መኪናው ሞተሩ እየጮኸ አልሄድ ብሎ ተሳፋሪ በሌሊት ቁር ወርዶ ቆሟል። ነቅሎ ክፍት መተውም እንደዛው ነው፣ የመንገድ አቧራ በዚያ ቀዳዳ ገብቶ ሞተሩን ይፍቀዋል።

ሲገጠም ቫልቩ አቅጣጫ አለው፣ ቀስት ካለው ቀስቱ ወደ ማኒፎልዱ ነው ሚያየው። አዲስ የጎማ ቀለበት፣ ጥብቅ ያለ ፋሸታ፣ ከዛ ዘይትና የዘይት ማጣሪያ ቀይሩ፣ ውሃና ዝቃጭ የጠጣው ዘይት ተመልሶ ያንኑ ስለሚያደርግ። አስነስታችሁ የወረቀቱን ምርመራ ድገሙት። አሁንም ከገፋ ያኔ ኮምፕሬሽን ይለካ፣ ስለ ፋሻ የሚወራው ከዚህ በኋላ ነው።

የኚያ አባት ኮሮላ ላይ ቫልቭ፣ ቀለበት፣ አንድ ክንድ የማይሞላ ቱቦ፣ ቴርሞስታትና ዘይት ነው የገባው። ወረቀቱን ክዳኑ አፍ ላይ ሳደርገው ሲሳብ እሳቸውም ጎንበስ ብለው አዩት፣ «አሁን ወደ ውስጥ ተነፈሰ» አሉ። የኋላውን ሲል ሳልነካ ለሁለት ሳምንት ይንዱት ብዬ ሸኘኋቸው፣ ሲመለሱ ከሥር ካርቶን አንጥፌ አሳደርኩት፣ ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ ነበር።

ስትጨርሱ እናንተም እንደዛ አድርጉ፣ በሳምንቱ ውርጭ ባለበት ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ቱቦውን ነቅላችሁ ውስጡን እዩ፣ ውሃ ካለ ተዳፋቱን አስተካክሉ፣ ከዛ በኋላ ዘይት በቀየራችሁ ቁጥር ቫልቩን አውጥታችሁ ነቅንቁት።